ገመዷን የጣለችው አይጥ

በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ ጎንደር ደረሰ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ሩፔል የእጅ ጽሑፎችንም ይመረምር ነበር፤ ልቡ ያለው ግን ወፍ፣ ዓሣና አጥቢ እንስሳት ላይ ነበር። የሰበሰበውን እያደረቀ በትውልድ ከተማው በፍራንክፈርት ለሚገኘው የዘንከንበርግ ሙዚየም አስገባ። በ1842 በስም ለይቶ ለሳይንሱ ዓለም ካስተዋወቃቸው እንስሳት መካከል ሁለቱ ለዚህ ታሪክ ይፈለጋሉ። አንዷ በሰሜን ተራሮች የተገኘች፣ እንደ ብዙዎቹ አይጦች ጨለማን ሳትጠብቅ በጠራራ ፀሐይ በሣር መካከል የምትሯሯጥ የሣር አይጥ ናት። ሁለተኛዋ ከሸዋ የተገኘች፣ ፀጉር የሌላት፣ ጥርሷ ከከንፈሯ ውጭ የበቀለ ራቁት ፍልፈል ናት።

የእነዚህ ሁለት እንስሳት አንጎል ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በላቦራቶሪ እንደሚደመጥ ሩፔል ሊገምት አይችልም ነበር። አንጎል ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ራሱ ገና አልታወቀም።

ያ የታወቀው በ1875 ነው። በሊቨርፑል የሚያስተምረው ሐኪም ሪቻርድ ኬተን የጥንቸልና የጦጣ ራስ ቅል ከፍቶ በአንጎላቸው ላይ ሁለት ሽቦ አስነካ። የሽቦዎቹን ሌላ ጫፍ ጋልቫኖሜትር ከሚባል መለኪያ ጋር አገናኘ። መለኪያው ትንሽ መስታወት ነበረው፤ መስታወቱ ሲዞር ያንጸባረቀው ብርሃን ግድግዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ኬተን የእንስሳቱን ዓይን በብርሃን ሲነካ የግድግዳው ነጥብ መንቀሳቀሱን አየ። የክራኮቭ ሰው አዶልፍ ቤክ ያንኑ በውሻና በጥንቸል ደገመው። በሐምሌ 1924 ደግሞ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በአውሮፓ ጉብኝት ላይ በነበሩበት ክረምት፣ የየና ከተማው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውን አንጎል ሞገድ መዘገበ። ውጤቱን ያሳተመው ከአምስት ዓመት ጥንቃቄ በኋላ በ1929 ነው።

የበርገር ታካሚ ዝም በል ሲሉት ዝም ይላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል። አይጥን ግን እንዲህ ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የእንስሳት አንጎል የሚደመጠው እንስሳው በማደንዘዣ ሲፈዝ ወይም በማሰሪያ ሲጠፈር ብቻ ነበር። የዚህ ሥራ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ አንድ አቅጣጫ አለው ማለት ይቻላል፦ እስረኛዋን ማላላት።

ለምን ይህን ያህል ዘመን እንደፈጀ ለመረዳት ስለ ምልክቱ ትንሽነት ማወቅ ይበጃል። የእጅ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት አለው። ከአይጥ አንጎል ገጽ የሚለካው ሞገድ በማይክሮቮልት የሚቆጠር ነው፤ 100 ማይክሮቮልት ቢሆን እንኳ ከባትሪው 15,000 ጊዜ ያንሳል። ይህን የመሰለ ምልክት በረጅም ሽቦ ሲጓዝ በየመንገዱ ይበከላል። አይጧ ራሷን ስታክክ፣ ስትዘል፣ ስታኝክ ሽቦው ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜውም ራሱ ምልክት መስሎ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ተመራማሪው የሚያየው አንጎሏን ነው ወይስ ጢሟን ስትጠርግ የተነቃነቀውን ገመድ? ለዚህ መልስ ያጣ ሰው አይጧን ማሰር ይቀለው ነበር።

በታኅሣሥ 1950 አራት ኪሎ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። ያቋቋመው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ሲሆን ከኩቤክ የመጡ የማኅበሩ አባላት አብረውት ያስተምሩ ነበር። ከፒያሳ ወርዶ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ ለሚመጣ ተማሪ ዘመናዊ ባዮሎጂ በገዛ ከተማው፣ በአራዳ እምብርት፣ ሊማረው የሚችል ትምህርት ሆነ። በዚያው ኩቤክ ደግሞ፣ በሞንትሪያሉ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር ቀጭን ሽቦ በአይጥ አንጎል ውስጥ ቀብረው፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ አይጧን ሳጥን ውስጥ ለቀቋት። ሥራቸው ማዳመጥ አልነበረም፤ አንጎሏን በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነኩት ነበር። በ1954 የታተመው ውጤታቸው ዝነኛ የሆነው አይጧ ያንኑ ስሜት ለማግኘት ደጋግማ መርገጫውን በመጫኗ ነው። ለዚህ ታሪክ ግን ከግኝቱ ይልቅ አሠራሩ ይበልጣል። በራስ ቅሏ ላይ መሰኪያ ተክላ፣ ነቅታ፣ በእግሯ የምትሄድ አይጥ ለወራት ልትኖር እንደምትችል አረጋገጡ።

ማዳመጡን ያመጣው ፌሊክስ ስትሩምዋሰር ነው። በ1958 ከፀጉር የማይወፍሩ ሽቦዎችን በምድር ሽኮኮ አንጎል ውስጥ ተክሎ፣ ሽኮኮው ሳይታሰር፣ የነጠላ የነርቭ ሕዋሳትን ድምፅ ለቀናት መከታተሉን ጻፈ። ሽኮኮው ክረምቱን በእንቅልፍ የሚያሳልፍ ዓይነት ስለሆነ ጥያቄው ራሱ ነፃነትን ይጠይቅ ነበር፤ ታስሮ የደነገጠ እንስሳ የክረምት እንቅልፍ አይተኛም።

እዚህ ላይ ስለ እጅ ሙያ አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። የፒያሳ ወርቅ ቤቶችን ውስጠኛ ክፍል ያየ ሰው ባለሙያው የብር ሽቦ እየሳበ ሲያቀጥን፣ ዓይኑን ወደ ሥራው አቅርቦ ሲበይድ ያውቀዋል። የኤሌክትሮድ ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው፦ ሽቦ ማቅጠን፣ ሽፋኑን ከጫፉ ብቻ መግፈፍ፣ ከመሰኪያው ጋር መበየድ፣ ከዚያም በጥርስ ሐኪሞች ሲሚንቶ ከራስ ቅሉ ጋር ማጣበቅ። የነርቭ ሳይንስ ታላላቅ ግኝቶች ከታላላቅ ማሽኖች ይልቅ ከእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ነው የወጡት።

ከነዚህ ግኝቶች ትልቁ በ1971 ለንደን ውስጥ ታየ። ጆን ኦኪፍና ተማሪው ጆናታን ዶስትሮቭስኪ ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ሽቦ የተተከለላቸውን አይጦች መድረክ ላይ ለቀው ያዳምጡ ነበር። ከ76 ሕዋሳት ውስጥ 8ቱ አንድ እንግዳ ጠባይ አሳዩ፤ አይጧ የመድረኩ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ ይጮኻሉ፣ ከዚያ ስትወጣ ዝም ይላሉ። አንጎል ያለበትን ቦታ የሚያውቅበት ካርታ አለው ማለት ነው። ስምንት ሕዋስ ምን ያረጋግጣል ብለው የተጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ። ኦኪፍ ግን አልተመለሰም፤ ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ከኖርዌያውያኑ ሜይ ብሪትና ኤድቫርድ ሞዘር ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ታስራ የተኛች አይጥ ይህን ፈጽሞ ልታሳይ አትችልም ነበር። የቦታ ሕዋስ የሚናገረው ቦታ ለቀየረች አይጥ ብቻ ነው። እንስሳዋን ማላላት ከርኅራኄም በላይ ለሳይንሱ እውነት ግዴታ መሆኑን ከዚህ የበለጠ ያሳየ ሙከራ የለም ማለት ይቻላል።

በዚሁ ዘመን የኢትዮጵያ አይጦች በሌላ መንገድ ይታወቁ ነበር። በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ማልኮም ላርጀን ከዴሪክ ያልደንና ከዲተር ኮክ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን አጥቢ እንስሳት በየክፍሉ መዘገበ፤ አይጦችን የያዘው ክፍል በ1976 ታተመ። የት እንደተያዙ፣ በምን ከፍታ እንደሚኖሩ፣ የትኛው በሌላ አገር እንደማይገኝ በዝርዝር የያዘ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የአራት ኪሎው ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ በመናገሻ ደን ውስጥ ወጥመድ እያጠመዱ የአይጦቹን ቁጥር መውጣትና መውረድ አጠኑ፤ አንዱ ሥራቸው በ1996 ወጣ። የአራዳ ሳይንስ አይጥን በደን ውስጥ፣ በእርሻ ማሳ ውስጥ፣ ከነኑሮዋ አውቋታል። የአውሮፓና የአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ደግሞ አንጎሏን አውቀው ኑሮዋን ረስተዋት ነበር።

ነጮቹ የላቦራቶሪ አይጦች ግን የራሳቸው ምሥጢር ነበራቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ማርግሪት ቨርኝ እና ባልደረቦቿ ጤነኛ ተብለው በሚያረቧቸው ዊስታር በሚባሉ አይጦች ላይ ኤሌክትሮድ ሲተክሉ ያልጠበቁትን አዩ። ከሦስት አንድ የሚሆኑት፣ ምንም ሳይደረግባቸው፣ በየመሀሉ የሾለና የተዘረጋ ሞገድ እየተፈራረቀ ይነሣባቸዋል። ያ ሞገድ በሕፃናት ላይ የሚታየው፣ ልጁ ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ የሚመለስበት የሚጥል በሽታ ዓይነት ምልክት ነው። አይጧ አትወድቅም፣ አትፈራገጥም። ለአፍታ ጸጥ ትላለች፣ ጢሟ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ውጤቱ በ1982 ታተመ፣ ከነዚያ አይጦች የተራባው ዘርም እስከ ዛሬ በዓለም ላቦራቶሪዎች ይጠናል። እነዚህ አይጦች ኤሌክትሮድ እስኪተከልላቸው ድረስ በሁሉም ሰው ዓይን ጤነኞች ነበሩ።

በሽታው ራሱ ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት ሰው እንደያዘ በግልጽ የታወቀው ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከስዊድኑ ላርስ ፎርስግሬንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት ያካሄዱት ጥናት ከ61,000 ገደማ ሕዝብ መካከል 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አገኘ፤ ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። በ1990 የወጣው ጽሑፋቸው የሕመምተኞቹን የአንጎል ሞገድ ምዝገባም ይዟል። በርገር የጀመረው መሣሪያ በኢትዮጵያ ገጠር ለኅብረተሰብ ጥናት ሲውል ይህ ትልቅ ምዕራፍ ነው፤ ከሚገባውም በታች ይነገርለታል።

ወደ አይጧ እንመለስ። በ1993 አሪዞና ውስጥ ማቲው ዊልሰንና ብሩስ ማክናውተን አራት አራት ሽቦ አንድ ላይ የተገመደባቸውን ኤሌክትሮዶች ተጠቅመው በአንድ ጊዜ ከመቶ በላይ ሕዋሳት አዳመጡ። በቀጣዩ ዓመት ያሳተሙት ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል፦ አይጧ ቀን ስትሮጥ አብረው የጮኹ ሕዋሳት፣ ስትተኛም አብረው ይጮኻሉ። የዋለችበትን በእንቅልፏ ትደግመዋለች። አሁን አይጧ ነፃ ናት፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ከራሷ የሚነሣ ገመድ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ስትዞር እንዳይጠማዘዝ ጣሪያው ላይ አብሮ የሚዞር ማገናኛ ይሰቀላል። ሁለት አይጦች አንድ ቤት ውስጥ ከተለቀቁ ገመዳቸው ይጠላለፋል፣ ወይም አንዷ የሌላዋን ትቆረጥመዋለች። ጉድጓድ ልትገባ አትችልም። ልጆቿን ይዛ ጎጆ ውስጥ ልትጠቀለል አትችልም።

ገመዱን የቆረጡት መሐንዲሶች ናቸው። ዙሪክ የሚሠራው አሌክሴ ቪሶትስኪ ኒውሮሎገር ያለውን ትንሽ መሣሪያ በ2006 ሲያስተዋውቅ መጀመሪያ የተሸከሙት እርግቦች ነበሩ። መሣሪያው ምልክቱን በሬዲዮ አይልክም፤ ልክ ከአንጎሉ በላይ ያጎላውና በገዛ ማኅደሩ ላይ ይጽፈዋል። ረጅም ሽቦ የለም፣ ስለዚህ የሚወዛወዝም ነገር የለም። ባትሪ፣ ማጉያ፣ ማኅደር፤ ሁሉም ከእንስሳዋ ጋር ይሄዳል። እርግቦቹ ጣሊያን ሰማይ ላይ ወደ ቤታቸው ሲበሩ አንጎላቸው ተመዘገበ።

ይህ መሣሪያ ምን ያህል የቆየ ስሕተት ሊያርም እንደሚችል በ2008 ታየ። ኒልስ ራተንቦርግና ቪሶትስኪን ጨምሮ ባልደረቦቹ በፓናማ ደን ውስጥ ዛፍ ላይ በሚኖሩ ሦስት ስሎዝ የተባሉ ቀርፋፋ እንስሳት ላይ መዝጋቢውን ገጠሙ። ቀድሞ በግቢ ታጉረው የተጠኑት በቀን 16 ሰዓት ገደማ ይተኙ ነበር፤ በደናቸው ያሉት ግን ያንቀላፉት 9.6 ሰዓት ብቻ ነው። እንቅልፋም የሚለው ስም የተሰጣቸው በረት ውስጥ ነበር ማለት ነው።

በ2010 ደግሞ መዝጋቢው ወደ አይጥ ሄደ። የኦስሎ ተመራማሪዎች የሚጥል በሽታ ዝንባሌ ያላቸውን ትናንሽ አይጦች ያለ ምንም ገመድ ለቀው፣ የአንጎላቸውን ሞገድ ከቪዲዮ ጋር በሰከንድ አስማምተው መዘገቡ። አይጧ ስትፈራገጥ የሚታየው ምስልና ከዚያ በፊት አንጎሏ ውስጥ የተጀመረው ነገር ጎን ለጎን ይቀመጣል። ትንሿ አይጥ 25 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ስለዚህ በራሷ ላይ የሚጫነው ነገር ሁሉ በሁለትና በሦስት ግራም ውስጥ መቅረት አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ አንገቷ ይደክማል፣ ጠባይዋም ይለወጣል።

በዚያው ክብደት ልክ በ2011 የስታንፎርዱ ማርክ ሽኒትዘር ቡድን 1.9 ግራም የሚመዝን ማይክሮስኮፕ ሠርቶ በሚሮጡ አይጦች ራስ ላይ ተከለ። ይህ የሚሰማ ሳይሆን የሚያይ መሣሪያ ነው፤ ሕዋሳቱ ሲሠሩ የሚያበራ ጠቋሚ ይገባላቸዋል፣ ማይክሮስኮፑም የብርሃኑን ብልጭታ ይቆጥራል። በ2013 ከዚሁ ቡድን የወጣው ጥናት ያንኑ የአይጥ አንጎል ለ45 ቀናት ተከታትሎ፣ በአንድ ቀን ካርታውን የሠሩት የቦታ ሕዋሳት በሌላው ቀን በአብዛኛው ተተክተው እንደሚገኙ አሳየ። በሁለት የተለያዩ ቀናት ካርታ ውስጥ በጋራ የሚገኙት ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ካርታው ይጸናል፣ የሚስሉት ግን ይለዋወጣሉ።

የሸዋዋ ራቁት ፍልፈል በዚህ ጊዜ የዓለም ላቦራቶሪዎች እንግዳ ሆና ነበር። ጄኒፈር ጃርቪስ በ1981 ከኬንያ ባመጣቻቸው መንጋዎች ላይ ያሳተመችው ጥናት፣ እንደ ንብ አንዲት ንግሥት ብቻ የምትወልድበት ኑሮ እንዳላቸው ካሳየ በኋላ ፍላጎቱ በረታ። በ2009 ጆን ላርሰንና ቶማስ ፓርክ ከአንጎሏ የተቆረጠ ስስ ክፍል ኦክስጅን ሲቀንስ ከተራ አይጥ አንጎል በጣም ረዝሞ የኤሌክትሪክ ሥራውን እንደሚቀጥል አገኙ። በ2017 ፓርክና ሌሎች ባልደረቦቹ ይህች ፍልፈል ያለ ምንም ኦክስጅን 18 ደቂቃ ቆይታ ሳትጎዳ እንደምትነሣ ጻፉ። በታፈነ ጉድጓድ ውስጥ ተጨናንቆ የሚኖር እንስሳ ይህ ጸጋ ባይኖረው ይደንቅ ነበር።

የሣር አይጧም ወገን ተራው ደረሰው። በ2015 ስትራስቡርግ ያለው የፓትሪስ ቡርዤን ቡድን የዚሁ ወገን የሆነች ሌላ የምዕራብ አፍሪካ የሣር አይጥ ላይ ኤሌክትሮድ ተክሎ እንቅልፏን መዘገበና ለእንቅልፍ ጥናት አዲስ አብነት አድርጎ አቀረባት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የላቦራቶሪ አይጥ የሌሊት እንስሳ ናት፤ እሷን አጥንቶ ስለ ሰው እንቅልፍ መናገር ሁልጊዜ ቀንና ሌሊቱን ማገላበጥ ይጠይቃል። የሣር አይጥ ግን እንደ ሰው ቀን ትነቃለች፣ ብርሃንም እንደ ሰው ያነቃቃታል። ከዚህች ዝርያ ጋር የሚዛመዱት ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ በብዛት አሉ። ለአራት ኪሎ የእንስሳት ሳይንስ ከዚህ የቀረበ ጥያቄ ማግኘት ያስቸግራል።

በ2017 ሁለት ነገሮች ተከታተሉ። ኒውሮፒክስልስ የተባለው የሲሊኮን መርፌ በአንዲት 10 ሚሊሜትር ግንድ ላይ 960 የመቅጃ ነጥብ ይዞ ወጣ፤ በአንድ ጊዜ 384ቱን ያነባል። በዚያው ዓመት ጆሹዋ ሲግልና ያኮብ ፎግትስ የጀመሩት ኦፕን ኢፊስ የተባለ ሥርዓት በዝርዝር ታተመ። ንድፉ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ማውረድ፣ መሥራት፣ ማሻሻል ይችላል። ከሁለቱ የመጀመሪያው የበለጠ ተወራለት። ለአዲስ አበባ የሚበጀው ግን ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም እዚህ የሚጎድለው ሺህ ሕዋስ መስማት ሳይሆን የመጀመሪያውን ሞገድ መስማት ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተማሪዎች ሕዝቡ ለሚጥል በሽታ የሚጠቀምባቸውን ዕፅዋት በነጭ አይጦች ላይ ይፈትናሉ። ከአይጦቹ አንዳንዶቹ የሚረቡት ነዋሪው እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ በሚጠራው ግቢ፣ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። አሠራሩ በዓለም የታወቀ ነው። አይጧ የዕፁን ጭማቂ ትወስዳለች፣ ከዚያ የሚያፈራግጥ ኬሚካል ትወጋለች፣ ተማሪው ሰዓት ይዞ ለ30 ደቂቃ ያያታል። መቼ ተፈራገጠች? የኋላ እግሯ ተዘረጋ ወይስ አልተዘረጋም? ትዕግሥትና ንጹሕ ዓይን የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ከነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ወጥተዋል።

ዓይን ግን እስከ እግር ብቻ ነው የሚያየው። የስትራስቡርጎቹ አይጦች ምንም ሳይፈራገጡ ታመው ነበር። በተቃራኒው ጡንቻን ብቻ የሚያላላ ዕፅ አይጧን ጸጥ ሊያሰኛት፣ አንጎሏ ውስጥ ያለው ማዕበል ግን እንዳለ ሊቀጥል ይችላል፤ በሰዓትና በዓይን ሲለካ እንዲህ ያለው ዕፅም መድኃኒት ይመስላል። በአይጧ ራስ ቅል ላይ ሁለት ብሎን፣ ትንሽ የጥርስ ሲሚንቶ፣ ጥቂት ግራም የሚመዝን መዝጋቢና ከጎኑ የቆመ ካሜራ፤ የኦስሎው ሙከራም የተሠራው በመሰል መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያ ዕፅዋት ላይ ለሚሠራ የሚቀጥለው ጥናት ጥያቄው በዚህ መልክ ሊቀርብ ይገባዋል፦ ጭማቂው ማዕበሉን አቆመው፣ ወይስ እግሩን ብቻ ነው ያሰረው?